መንኮራኩሯ የታዘዘችውን ፈጸመች፤ እኛስ?

ምስጋና ሁሉ ሰማያትንና ምድርን በልክ ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። በሰፈራችን መስጊድ ዘወትር ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት እሰጣለሁ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ልጆቹ ማንቀላፋት ሲጀምሩ የማነቃበት አንድ ወሬ ነበረኝ። «ጨረቃን በመጀመሪያ የረገጠው ሰው፣ ኒል አርምስትሮንግ፣ እዚያ ሳለ አንድ የማያውቀው ድምፅ ሰማ። ከዓመታት በኋላ ግብጽ ሲሄድ ያንኑ ድምፅ ከሚናራ ላይ ሲወጣ ሰማው። ለካስ አዛን ኖሯል! ወዲያው ሰለመ» እላቸው ነበር። ወሬውን እኔም በልጅነቴ ከትልልቆች የሰማሁት ነው። ልጆቹ «አላሁ አክበር!» ይላሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ትምህርቱም በሞቅታ ያልቃል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ግን ከተማሪዎቼ መካከል ዝምተኛው ልጅ ጓደኞቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። አርምስትሮንግ አልሰለምኩም ብሎ በሕይወት ሳለ ማስተባበሉን፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ይህንኑ የሚያስረዳ መልእክት ለኤምባሲዎቹ መላኩን አንብቧል። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ድምፅ በዚያ ሊሰማ እንደማይችልም ከፊዚክስ መምህሩ ተምሯል። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ይሄ ውሸት ከሆነ፣ ከነገሩን ከሌላው ውስጥስ ውሸቱ የትኛው ነው?»

ወላሂ፣ መልስ አልነበረኝም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ አርምስትሮንግ አልነበረም። ስለ አላህ፣ ስለ አኺራ፣ ስለ ቀብር ከነገርኩት ሁሉ የትኛውን ማመን እንዳለበት ነበር የጠየቀኝ። የሐሰት ምሰሶ ተከልኩለት፤ ምሰሶው ሲወድቅ ጣራው ሁሉ በላዩ ሊናድ ነው። ያን ምሰሶ የተከለው ደግሞ የኢስላም ጠላት አይደለም፤ እኔው ኡስታዙ ነኝ።

አሥራ አንዱ ከዋክብት

በዚያ ሌሊት ከዒሻ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ የድሮ የማስተማሪያ ደብተሮቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በሕልማቸው ያዩዋቸው አሥራ አንድ ከዋክብት የፈለኮችን ቁጥር ያመለክታሉ፣ ሳይንቲስቶች እስካሁን ዘጠኙን ብቻ አግኝተዋል፣ የቀሩትን ሁለቱን ሲያገኙ ወደ ቁርኣን ይመጣሉ ብዬ አስተምሬያለሁ። ሱብሐነላህ! ሕልሙን የፈታው እኮ ራሱ ቁርኣን ነው። ከዋክብቱ የዩሱፍ ወንድሞች ናቸው። ግልጽ የሆነውን ትቼ ያልተባለውን አስባልኩ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጃንዋሪ 2006 ኒው ሆራይዘንስ የተባለች ሰው አልባ መንኮራኩር ወደ ፕሉቶ ተወነጨፈች። ያን ጊዜ ፕሉቶ ዘጠነኛው ፈለክ ይባል ነበር። መንኮራኩሯ ገና በመንገድ ላይ ሳለች፣ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፕራግ ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕሉቶን ከፈለኮች ተራ አውጥቶ «ድንክ ፈለክ» አለው። ፈለኮቹ ስምንት ሆኑ። ኒው ሆራይዘንስ ከዘጠኝ ዓመት ተኩል ጉዞ በኋላ በጁላይ 2015 እዚያ ስትደርስ ፕሉቶ ያው እንደ ጥንቱ በቦታው ነበር። የተለወጠው የሰው አቆጣጠር እንጂ የአላህ ፍጥረት አልነበረም። እኔ ግን የማይለወጠውን የአላህን ቃል በሚለዋወጠው የሰው አቆጣጠር ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ዘጠኙ ስምንት ሲሆን የልጁ ኢማን ምን ይሁን?

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ በሽታ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋዜጣ ላይ ባልጻፍኩት ነበር። ሌሎች ለዓመታት ደክመው አንድ ነገር ሲያገኙ እኛ በማግስቱ «ይህማ በመጽሐፋችን ነበር» እንላለን። ታዲያ ከነበረ እኛ ለምን ቀድመን አላገኘነውም? ይህን ጥያቄ ልጆቻችን በልባቸው ይጠይቃሉ፤ አፍረው ዝም ይላሉ እንጂ።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የመዲና ሰዎች «ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። እስቲ አስቡት! ልባቸው በሐዘን የቆሰለ አባት፣ ሰማዩ ራሱ አብሮ አለቀሰ የሚል ወሬ በሕዝቡ አፍ ላይ አለ። ዝም ቢሉ ኖሮ ወሬው በራሱ ይስፋፋ ነበር። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። ሰገዱ፤ ከዚያም ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል መሆናቸውን፣ በማንም ሰው ሞትም ሆነ ሕይወት ምክንያት እንደማይጋረዱ ለሕዝቡ አስረዱ። በገዛ ልጃቸው ሞት ቀን እንኳ የማይገባቸውን ማስረጃ አልወሰዱም። እኔ ደግሞ የሳቸውን ዲን ለማስወደድ ብዬ ጨረቃ ላይ የሌለ አዛን አሰማሁ!

ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር የመጣ መልስ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁን ቀድሜ ጠበቅሁት። «ሳላጣራ ነው የነገርኳችሁ፤ ተሳስቻለሁ፤ ዐፉ በለኝ» አልኩት። ደነገጠ። ቆየት ብሎ ግን ፊቱ ፈካ አለና «ኡስታዝ፣ እውነተኛውን የጠፈር ወሬ ልንገርዎት?» አለኝ። ያወራልኝን በኋላ እኔም እያነበብኩ አጣርቼዋለሁ።

ቮየጀር 1 የምትባል ሰው አልባ መንኮራኩር አለች። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ያመጠቃት በሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ነው። እህቷ ቮየጀር 2 ደግሞ ከእርሷ 16 ቀን ቀድማ ወጥታለች። በዚያ ዘመን አራቱ ታላላቅ ፈለኮች፣ ዐረቦች ሙሽተሪ የሚሉት ጁፒተር፣ ዙሐል የሚሉት ሳተርን፣ ከዚያም ዩራነስና ኔፕቱን፣ ለአንድ ጉዞ የሚመች አሰላለፍ ነበራቸው። ይህ አሰላለፍ የሚገኘው በ176 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። መንኮራኩር አንዱ ፈለክ አጠገብ ስታልፍ በስበቱ ተወንጭፋ ፍጥነት ታገኝና ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ቮየጀር 2 በዚህ ዘዴ ጁፒተርን በ1979፣ ሳተርንን በ1981፣ ዩራነስን በ1986፣ ኔፕቱንን በ1989 ጎብኝታለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት ጉዞ በኋላ ከኔፕቱን ደመና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። ፈለኮቹ አላህ ባኖረላቸው ሥርዓት ከመጓዝ ለአፍታ ቢዛነፉ ኖሮ ይህ ስሌት ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። እነዚያ መሐንዲሶች ስሙን ጠሩትም አልጠሩትም፣ የተማመኑት በማይዛነፈው የአላህ ሱና ነው።

ቮየጀር 1 ደግሞ ጁፒተርንና ሳተርንን አይታ ጉዞዋን ወደ ውጭ ቀጠለች። በኦገስት 2012 የፀሐይ ነፋስ የሚያበቃበትን ድንበር አለፈች፤ በከዋክብት መካከል ወዳለው ጠፈር የገባች የመጀመሪያዋ የሰው እጅ ሥራ ሆነች። ልጁ እዚህ ሲደርስ በእርሷ ላይ የተለያዩ ቋንቋዎች ሰላምታ የተቀረጸበት ከመዳብ የተሠራ በወርቅ የተለበጠ ሸክላ እንዳለ ነገረኝ። «ከነዚያ መካከል ዐረብኛ አለበት» ሲለኝ የድሮው አመሌ ተነሣብኝና «አላሁ አክበር!» ብዬ ልነሣ ስል ፈገግ አለና «ከ55 ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ኡስታዝ» አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በኖቬምበር 2023 ቮየጀር 1 ታመመች። ድምፅዋ ይሰማል፤ የምትለው ግን አይገባም። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ትቃዣለች። ያን ጊዜ ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር። በብርሃን ፍጥነት የሚሄድ ትእዛዝ እርሷ ዘንድ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ መልሱም ለመመለስ ሌላ 22 ሰዓት ተኩል። ሜካኒክ አይላክላት፤ መለዋወጫ አይገዛላት። የሦስቱ ኮምፒዩተሮቿ የማስታወስ አቅም ተደምሮ 70 ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም፤ በኪሳችን ያለው ስልክ የሚያነሣው አንዲት ፎቶግራፍ ከዚያ ይበልጣል። የሬዲዮ ማሰራጫዋም ኃይል ፍሪጅ ውስጥ የምትበራውን አምፖል ያህል፣ ከ20 ዋት ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች ተስፋ አልቆረጡም። ፕሮግራሙን የጻፉት የ1970ዎቹ ሰዎች ብዙዎቹ ከሥራው ስለሌሉ የአሥርተ ዓመታት ዕድሜ ያላቸውን ወረቀቶች ማገላበጥ ነበረባቸው። በማርች 2024 አንዲት ትእዛዝ ልከው ካገኙት መልስ ውስጥ ጥፋቱን ለዩት። ከማስታወሻዋ 3 በመቶ ያህሉን የያዘች አንዲት ቺፕ ተበላሽታለች። በተበላሸው ቦታ የነበረውን ፕሮግራም አንድ ላይ የሚይዝ ሌላ ባዶ ስፍራ አልተገኘም። ስለዚህ ከፋፍለው በየጥጉ አስቀመጡትና ቁርጥራጮቹ እንደገና እንዲገናኙ አደረጉ። ኤፕሪል 18 ትእዛዙን ላኩ። ኤፕሪል 20 ቀን መልሱ መጣ። ከአምስት ወር ልጉምነት በኋላ መንኮራኩሯ አጥርታ ተናገረች!

ኤድ ስቶን የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ የዚህ ሥራ የሳይንስ ኃላፊ ሆነው ከ1972 እስከ 2022፣ ድፍን 50 ዓመት አገልግለዋል። በጁን 2024 ሲሞቱ መንኮራኩሯ ዳግም አጥርታ መናገር ከጀመረች ሁለት ወር አልሞላም ነበር። አንድ ሥራ፣ አንድ ዕድሜ!

እኛስ? ለመድረሳችን ቤተ መጻሕፍት እናቋቁም ብለን በተክቢራ እንጀምራለን። ኮሚቴ ይመረጣል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ መደርደሪያ ይገዛል። በሦስተኛው ወር ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም። ሶብርን በዱዓችን ውስጥ እንለምናለን፤ በሥራችን ውስጥ ግን አንፈልገውም። ማንም በማያያት ጨለማ ውስጥ ላለች አንዲት ዕቃ ለ46 ዓመት አማና የጠበቁ ሰዎች እያሉ፣ ሁልጊዜ የሚያየን ጌታ እንዳለን የምናምን እኛ ሥራችንን በግማሹ እንተዋለን። ኢሕሳን ማለት ሰው ባያይም አላህ እንደሚያይ አውቆ አሳምሮ መሥራት አልነበረምን?

መለኪያው የተምታታባት መንኮራኩር

ልጁ የነገረኝ የድል ወሬ ብቻ አይደለም። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የምትባል ሌላ መንኮራኩር ነበረች። የማርስን፣ ዐረቦች መሪኅ የሚሉትን ፈለክ፣ የአየር ሁኔታ እንድታጠና በዲሴምበር 1998 ተላከች። ዘጠኝ ወር በሰላም ተጓዘች። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ጠፋ፤ ተመልሶም አልተሰማም።

ምክንያቱ ሲመረመር የሚያስደነግጥ ሆነ። አንደኛው ቡድን የመንኮራኩሯን ሞተር ግፊት ያሰላው በፓውንድ ነበር። ቁጥሩን የተቀበለው ቡድን ደግሞ በኒውተን የተሰላ መስሎት ሠራበት። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ጥቃቅኑ ስህተት በየቀኑ እየተጠራቀመ ሄደ። ከማርስ ወለል 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ማለፍ የነበረባት መንኮራኩር 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ወርዳ በፈለኩ አየር ውስጥ ጠፋች። ከጉዞው መሃል አንዳንድ የአቅጣጫ ባለሙያዎች ቁጥሩ ልክ አልመስል ብሏቸው ነበር፤ ጥርጣሬያቸው ግን እስከ መጨረሻው አልተመረመረም።

ማንም ሆን ብሎ አላጭበረበረም። ሁሉም ቁጥሩን በትክክል ጽፏል። ያልተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ይህ ቁጥር የተለካው በምንድን ነው?» የሚለው።

ይህን ስሰማ የሐዲስ ዑለማዎቻችን ትዝ አሉኝ። አንድ ሰው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ነገር ሲነግራቸው «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ስለ አንዲት ሐዲስ የአንድ ወር መንገድ የተጓዙ ነበሩ። የሰውየውን የማስታወስ ችሎታ፣ እውነተኛነቱን፣ ከነገረው ሰው ጋር በዕድሜ መገናኘቱን ሳይቀር ይመረምራሉ። እኛ የነዚያ ልጆች ነን! ዛሬ ግን በስልካችን የመጣውን ሁሉ «ሱብሐነላህ፣ ላልደረሰው አድርሱ» ብለን ለመቶ ሰው እናስተላልፋለን። ቁርኣን ውስጥ በሰፈርና በሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች የተሰየመ ሱራ አለ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። መርካቶ ውስጥ ኪሎ የሚያጎድለውን ነጋዴ በዚህ ሱራ እንመክረዋለን። በሚንበር ላይ ሆኖ እውነትን የሚያጎድለውንስ ማን ይምከረው? የነጋዴው ጉድለት በኪስ ላይ ነው፤ የኔው ጉድለት ግን በልጅ ኢማን ላይ ነበር።

የመስጊዱ ሰዓት ጠባቂ

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እኛም እኮ ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩን» ሊለኝ ይችላል። አዎ፣ ነበሩን። ኢብን አሽ-ሻጢር በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኡመውይ መስጊድ ሙወቂት፣ ማለትም የሰላት ወቅትን በስሌት የሚያውቅ ሰዓት ጠባቂ ነበር። ሥራው ያው ፀሐይና ከዋክብትን መለካት ነው፤ ቦታው መስጊድ ነው፤ ዓላማውም ምእመናን ሰላታቸውን በወቅቱ እንዲሰግዱ ነው። በሚናራው ላይ የፀሐይ ሰዓት ሠርቶ አቁሟል። አል-ቢሩኒም ከተራራ ላይ ሆኖ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በመለካት የምድርን ግማሽ ስፋት አስልቷል።

ነገር ግን የአያትን ስም መጥራት የልጅ ሥራ አይሆንም። ኢብን አሽ-ሻጢር «ይህ በመጽሐፋችን ነበር» ብሎ አልተቀመጠም። በየቀኑ ጥላ ለካ። አላህ ሰማያትን ተመልከቱ፣ አስተንትኑ ሲል ያዘዘው እኮ ሌሎች ካዩልን በኋላ እንድናጨበጭብ አይደለም።

በዘመናችንም ምሳሌ አለ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ «አል-አመል»፣ ማለትም ተስፋ የተባለችውን መንኮራኩር በጁላይ 2020 ከጃፓን ምድር ወደ ማርስ አመጠቁ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2021 ማርስ ስትደርስ ሞተሯን 27 ደቂቃ ያህል አንድዳ ፍጥነቷን መቀነስ ነበረባት። ከምድር የሚላክ ትእዛዝ ለመድረስ 11 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ሁሉንም ለብቻዋ መሥራት ነበረባት። ሠራችም፤ በማርስ ዙሪያ መዞር ጀመረች። የማርስን የአየር ሁኔታ መዝግባ የላከችውን መረጃም ማንም ተመራማሪ በነፃ እንዲወስደው አደረጉ። ወሬው ደስ ይላል፤ እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ወጣት መሐንዲሶቻቸው በመጀመሪያ ደቡብ ኮሪያ ሄደው ሳተላይት መሥራት ተማሩ። ቀጥሎም የማርስዋን መንኮራኩር ከአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። «አናውቅም፤ አስተምሩን» ለማለት አላፈሩም። የዒልም በር ይህ ነው። እኔ ግን ከፊዚክስ መምህሩ ያነሰ የማውቀውን ነገር ከፊዚክስ መምህሩ ይበልጥ እንደማውቅ ሆኜ ለዓመታት አስተማርኩ።

ነጥቧ

የመጨረሻው ወሬ ይህ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1990 ቮየጀር 1 ካሜራዎቿ ለዘለቄታው ከመዘጋታቸው በፊት ወደ ኋላዋ ዞራ ምድርን ፎቶ እንድታነሣ ታዘዘች። ሐሳቡን ያቀረቡት ካርል ሴጋን የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። ርቀቷ 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በፎቶው ላይ ምድር ከአንዲት ነጥብ ያነሰች ሆና፣ በተበተነ የፀሐይ ብርሃን ጨረር መሃል እንደ ብናኝ ተንጠልጥላ ትታያለች።

ልጁ ፎቶውን ሲያሳየኝ መጀመሪያ የስልኩ መስታወት ላይ ያለ አቧራ መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ነበር። «ኡስታዝ፣ እርሷ ናት ምድር» አለኝ። ካዕባ እዚያች ውስጥ ነው። መርካቶም፣ መስጊዳችንም፣ የሞቱትም ያሉትም ሁሉ እዚያች ውስጥ ናቸው። ለማስጨብጨብ ብዬ ያወራሁት ወሬ ሁሉ የተወራው በዚያች ብናኝ ላይ ነው። ከዚህ በላይ «አላሁ አክበር» የሚያሰኝ ምን አለ? አላህ ታላቅነቱን ለማሳየት የእኔን ፈጠራ መቼ ፈለገ? እውነቱ ከበቂ በላይ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያነሰብኝ።

መንኮራኩር ሒሳብ የለባትም። ጀነትም ጀሀነምም አይጠብቃትም። የታዘዘችውን ትፈጽማለች፤ ኃይሏ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል እየቀነሰ፣ መሣሪያዎቿ አንድ በአንድ እየተዘጉ፣ ያየችውን ብቻ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለች። እኛ ግን ስለ ምላሳችን፣ ስለ ዕውቀታችንና ስለ ዕድሜያችን እንጠየቃለን።

በሦስተኛው ቅዳሜ በተማሪዎቼ ሁሉ ፊት ቆምኩ። «ስለ አርምስትሮንግ የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። ስለ አሥራ አንዱ ከዋክብት ያልኩትም ከራሴ ያመጣሁት ነው። ቁርኣን ከዚህ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ክብሬ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ጨረቃ ላይ ያለ ሰው ቂብላው ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዓመታት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። «አላውቅም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ዑለማዎችን ጠይቄ፣ አንብቤም እመጣለሁ» አልኩት። «አላውቅም» ስል አንድም ልጅ አልሳቀም። የዚያን ቀን ማንም አላንቀላፋም።

እናንተ ወላጆች፣ እናንተ ኡስታዞች! ልጆቻችን እያነበቡ ነው። ወሬ ይዘን ከምንሄድባቸው ዕውቀት ይዘን እንሂድባቸው። ያላጣራነውን አንናገር፤ የማናውቀውን አላውቅም እንበል። ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ ሲያጠና «ዱንያ ነው» ብለን አናሳንሰው፤ ሲያጠፋ አርመን፣ ሲጠይቅ መልሰን፣ ከበለጠን ደግሞ ተቀምጠን ከእርሱ እንማር።

አላህ ምላሳችንን ከሐሰት፣ ሚዛናችንን ከጉድለት ይጠብቅልን። ለጀመርነው መልካም ሥራ ሶብር ይስጠን። ሰማዩን ዓይተው ከሚያስተነትኑ፣ ካስተነተኑም በኋላ እጃቸውን ከሚያንቀሳቅሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።